ከቱሉ ዲምቱ ወጥቶ ሮክ ሰምቶ መመለስ

ቦሌ ወይም ፒያሳ ለሚኖር ሰው ኮንሰርት መሄድ ቀላል ነው። ጃኬቱን ይደርባል፣ ይወጣል፣ ሰምቶ ይመለሳል። እኛ ከአዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ነን። አያት፣ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞ፣ ለቡ፣ ኮዬ ያላችሁም ያው እንደኛ ናችሁ። ባንዱ ገና መሞቅ ሲጀምር እኛ ሰዓት እናያለን። ጊታሪስቱ ሶሎ ሲገባ የኛ ጆሮ ሌላ ድምፅ ይሰማዋል፦ «ቃሊቲ፣ ቃሊቲ፣ የመጨረሻ ነው፣ ሁለት ሰው!»

እዚህ ሰፈር ከገባሁ ስድስት ዓመት አለፈኝ። በነዚህ ዓመታት ሮክ ተብሎም ይሁን ፊውዥን ወይም «ላይቭ ባንድ» ተብሎ ጊታር ጮክ ብሎ የሚመታበት ዝግጅት ካለ ብዙም አያመልጠኝም። ስሄድ ሁሌም ደስ ብሎኝ ነው። ስመለስ ግን አንዳንዴ በሰላም፣ አንዳንዴ ቃሊቲ መንገድ ዳር ከሁለት ዘበኞችና ከአንድ ጀበና ጋር ቁጭ ብዬ እያነጋሁ ነው። የምጽፍላችሁ ከዚያ የተማርኩትን ነው። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ቢመስላችሁ አይግረማችሁ። ከመጨረሻው ነው የምጀምረው።

1. መጀመሪያ መመለሻውን ያዙ

ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ በምን ቤት እገባለሁ? «ያኔ እናያለን» መልስ አይደለም። ያኔ የሚታይ ነገር የለም፣ ጨለማ ነው።

ከመስቀል አደባባይ እኛ ጋ 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ የሚጀምረው ከቱሉ ዲምቱ ስለሆነ ለመሃል ከተማ ሰው የኛ ሰፈር ማለት ወደ ክፍለ ሀገር መውጫ ማለት ነው። በመተግበሪያ የጠራችሁት ሾፌር ሌሊት ደውሎ «መድረሻ የት ነው?» ሲላችሁና ስትነግሩት የሚከተለውን ዝምታ ታውቁታላችሁ። አልፈርድበትም። ሲመለስ ባዶውን ነው የሚመለሰው።

ከሞከርኳቸው ሁሉ የተሻለው የምታውቁትን ሾፌር ቀን ላይ መያዝ ነው። የሰፈራችሁ ሰው ቢሆን ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም እሱም የሚያድረው እዚያው ስለሆነ ባዶ የመመለስ ጣጣ የለበትም። ዋጋውን ቁረጡ። የሚጠብቅበትን ሰዓት ቁረጡ። የሚቆምበትን ቦታም ቁረጡ፣ «በሩ ጋ» አትበሉት፣ በሩ ጋ ሌሎች ሦስት መቶ ሰዎችም ሾፌራቸውን እየፈለጉ ነው። አንድ ጥግ ምረጡ፣ ማደያ፣ ባንክ፣ የታወቀ ኬክ ቤት። ከገንዘቡ ግማሹን ቀድማችሁ ላኩለት፣ ግማሹን ቤት ስትደርሱ። ለአንድ ሰው ይከብዳል፣ ግን አራት ሆናችሁ ብትካፈሉት፣ ለምሳሌ 1,200 ቢላችሁ፣ በሰው 300 ነው። ስለዚህ ኮንሰርት የሚሄድ ጎረቤት ማፍራት ትርፍ አለው። እኔ የብሎካችንን ሁለት ልጆች ያገኘኋቸው ደረጃ ላይ የጃኖ ባንድን ሙዚቃ ከስልካቸው ሲያሰሙ ነው። ሰላምታ ሳይቀድም «ቅዳሜ ትሄዳላችሁ?» ነበር ያልኳቸው።

ሁለተኛው ማደር ነው። መሃል ከተማ ዘመድ ወይም ጓደኛ የሌለው ሰው የለም። ባዶ እጅ ግን አይኬድም፣ ግማሽ ኪሎ ቡና ወይም ጥቂት ብርቱካን ይዛችሁ ሂዱ፣ ደግሞም ቀን ሄዳችሁ ሰላም በሏቸው እንጂ ሌሊት በር አታንኳኩ። አክስቴ ሳሪስ ነው ቤቷ። መጀመሪያ ጊዜ የሮክ ኮንሰርት ልሄድ ነው ስላት «ያን ጩኸቱን ነው?» አለችኝ። ቁልፉን ግን ሰጠችኝ። አሁን ስደውልላት ገና ሳልጨርስ «ጩኸት አለ እንዴ?» ትለኛለች።

ሦስተኛው ማንጋት ነው። ይሄ የድሮ ዘዴ ነው። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር ሙዚቃ ቤት የገባ ሰው መውጣት አይችልም፣ በሩ ይዘጋል፣ ባንዱም ሰዓት እላፊው እስኪነሳ ይጫወታል። ያኔ ሂልተን ሆቴል ይጫወቱ የነበሩ፣ ዋልያስን የመሰሉ ባንዶች በመሣሪያ ብቻ የዚያን ያህል ረጅም ሙዚቃ ይጫወቱ የነበረበት አንዱ ምክንያት ያ ረጅም ሌሊት ይመስለኛል። ዛሬ ሰዓት እላፊ የለም፣ ታክሲም የለም፣ ውጤቱ አንድ ነው። ከኮንሰርቱ በኋላ የሚሠራ ቤት ካለና አብሯችሁ የሚቆይ ሰው ካለ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል በኋላ ሚኒባስ መንቀሳቀስ ይጀምራል። በማግስቱ ሥራ ካለባችሁ ግን አትሞክሩት።

አራተኛው መሃል ላይ ጥሎ መውጣት ነው። ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ፣ አንድም ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዋናው ባንድ የሚወጣው ሁሌ እናንተ ስትወጡ ነው።

2. ወቅቱን እወቁ

አዲስ አበባ ውስጥ ኮንሰርት እንደ ዝናብ ወቅት አለው። ከመስከረም ጀምሮ እስከ ኅዳር አጋማሽ ጥሩ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ግቢ ውስጥ መድረክ ይተከላል። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ትልልቆቹ ቀዝቀዝ ይላሉ፣ ከዚያ ገና ዋዜማና ከጥምቀት በፊት ያለው ሳምንት ላይ ይግተለተላሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ያን ጊዜ ትልቅ ኮንሰርት ጠብቃችሁ ገንዘብ አታስቀምጡ። ፋሲካ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ላይ ይፈታል። ግንቦት ይቀጥላል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፣ ከጣሪያ በታች ያለውን ብቻ ምረጡ። አንድ ዓመት ነሐሴ ላይ ግቢ ውስጥ የተዘጋጀ ዝግጅት ሄጄ ከሙዚቃው ይልቅ የሰማሁት ድንኳኑ ላይ የሚወርደውን ውሃ ነው።

ይሄ ግን ስለ ትልልቆቹ ነው። የሮክና የኢንዲ ነገር፣ ማለትም ትልቅ አሳታሚና ስፖንሰር ሳይኖራቸው በራሳቸው ጥረት ዘፈን የሚሠሩ ልጆች የሚያቀርቡት፣ የጾም ካላንደሩን ያን ያህል አይከተልም። ትንንሽ ነው፣ መቶ ሁለት መቶ ሰው ነው የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ነው። እነሱን የምታገኟቸው በባህል ተቋማቱ ነው። ፒያሳ ያለው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ፣ ጎተ ኢንስቲትዩት፣ የጣሊያን የባህል ተቋም፣ እነዚህ በነጻ ወይም በትንሽ ዋጋ ያሳያሉ። ደግሞ ለኛ ዋናው ነገር፣ በጊዜ ነው የሚያልቀው። ሰኔ 14 ዓለም አቀፍ የሙዚቃ ቀን ነው፣ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1982 የጀመሩት። ያን ሰሞን አሊያንስ ምን አዘጋጀ ብላችሁ ጠይቁ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚያቀርቡትንም አትናቁ። የዛሬ አምስት ዓመት ትልቅ መድረክ ላይ የምታዩት ቤዝ ተጫዋች ዛሬ እዚያ ሆኖ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው።

«ሮክ» የሚለውን ቃል ፖስተር ላይ ብቻ ከፈለጋችሁ ግን ትደክማላችሁ። ከተማው ውስጥ ራሱን ሮክ ብሎ ትልቅ ስም ያወጣው ጃኖ ባንድ ነው፣ የመጀመሪያ አልበማቸውን እ.ኤ.አ. በ2012 ከአሜሪካዊው ፕሮዲዩሰር ቢል ላስዌል ጋር ሠርተው ያወጡት። ሌሎቹ «ፊውዥን»፣ «አልተርኔቲቭ»፣ «ኢትዮ ጃዝ» እያሉ ነው የሚጽፉት። የሙዚቀኞቹን ስም ተከተሉ። አንድ ድራመር ከወደዳችሁ ከማን ከማን ጋር እንደሚጫወት እዩ፣ ያው አስር አስራ አምስት ልጆች ናቸው ባንድ የሚቀያየሩት። ቴሌግራም ላይ እነሱን መከተል ከየትኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

3. ፖስተሩን እንደ ውል አንብቡት

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፣ እኔ ሁለት ጊዜ ተቃጥያለሁ።

ሰዓቱ። «በ7 ሰዓት» የሚል አየሁ። እኔ ምሳዬን በልቼ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ አንድ ሰው ወንበር እየደረደረ ነበር። ሰዓቱን የጻፉት በፈረንጅ አቆጣጠር ኖሮ እኛ ምሽት 1 ሰዓት የምንለው ነው። ስድስት ሰዓት ጠበቅኩ። ቤት ልመለስ ብል ሄጄ የምመለስበት ጊዜ ራሱ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ስለዚህ ማታ ወይም ቀን የሚል ቃል ከሌለበት ደውሉ። «12 ሰዓት» የሚለውም እንዲሁ ነው፣ ምሽት 12 ሊሆን ይችላል፣ እኩለ ሌሊትም ሊሆን ይችላል፣ ለመሃል ከተማ ሰው ልዩነቱ እንቅልፍ ነው፣ ለኛ መኪና ነው።

ቀኑ። «5/3» ተብሎ ከተጻፈ ኅዳር 5 ነው ወይስ የፈረንጆቹ ማርች 5? በመሃላቸው ከሦስት ወር በላይ አለ። መድኃኒቱ ዕለቱን ማየት ነው። ዓርብ ወይም ቅዳሜ ብለው ጽፈው ከሆነ ሁለቱንም ካላንደር ከፍታችሁ የትኛው እንደሚገጥም ተመልከቱ።

ቦታው። የምታውቁት ቦታ ቢሆንም አረጋግጡ። ካዛንቺስና ፒያሳ በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ልማት ብዙ ተቀይረዋል። «ከድሮው እንትን ጀርባ» የሚባል አቅጣጫ አሁን ሜዳ ላይ ወይም አዲስ የብስክሌት መንገድ ላይ ሊያቆማችሁ ይችላል።

ከዚያ ደግሞ ፖስተሩ የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ፣ ዋናው ባንድ ስንት ሰዓት መድረክ እንደሚወጣ። የተጻፈው በር የሚከፈትበት ነው። ከዚያ ዲጄ አለ፣ መክፈቻ አለ፣ የስፖንሰር ንግግር አለ፣ ሽልማት አለ፣ እንደገና ዲጄ አለ። አዘጋጆቹን ከጠየቃችኋቸው «በሰዓቱ» ይሏችኋል። ድምፅ የሚሠራውን ልጅ ጠይቁት። እሱ ያውቃል፣ ለእሱ ሥራ ነው፣ ጉራ አይደለም። ትንንሾቹ ዝግጅቶች ላይ ቀደም ብላችሁ ከደረሳችሁ ሳውንድ ቼክ ላይ፣ ማለትም ከዝግጅቱ በፊት ድምፁ ሲፈተሽ፣ ታገኙታላችሁ።

4. ትኬት

አጭር ነው። አዘጋጆቹ ራሳቸው ባሳወቁት መንገድ ግዙ። ቴሌብር ከሆነ የመጣውን መልእክት አታጥፉት። ቀድማችሁ ግዙ፣ በር ላይ ይወደዳል፣ አንዳንዴም ያልቃል፣ 20 ኪሎ ሜትር ሄዶ «አልቋል» መባል ደግሞ ያማል።

ትኬቱ ኮድ ያለበት ከሆነ ፎቶውን ደስ ብሏችሁ ለሰው አታሳዩ። ማሽኑ የሚያስገባው መጀመሪያ ያነበበውን ነው። አንድ ጓደኛዬ ስታተስ ላይ ለጥፎት በር ላይ «ገብተሃል እኮ» ተባለ። ገብቻለሁ እንዴ? ብሎ እኔን ነው ያየኝ።

ቪአይፒ? ለሮክ ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ጠረጴዛ አለው፣ ጠርሙስ አለው፣ ብዙ ጊዜ ግን የሚቀመጠው ስፒከሩ አፍ ላይ ወይም ጎን ላይ ነው፣ ድምፁ ጥሩ አይደለም። የተረፈውን ለመመለሻው ታክሲ አድርጉት።

5. የዕለቱ ዝግጅት

የውሃ ተራችሁ መቼ ነው? እየቀለድኩ አይደለም። ዳር ያለን ሰዎች ውሃ የሚመጣልን በተራ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ነው፣ ኮንሰርቱ የተራችሁ ሌሊት ላይ ከዋለ ጀሪካን የሚሞላላችሁ ጎረቤት ካሁኑ ለምኑ። እኔ አንድ ጊዜ ረስቼ ሳምንቱን ሙሉ በታሸገ ውሃ ፊቴን ታጥቤያለሁ። ትኬቱ ርካሽ ነበር፣ ኮንሰርቱ ግን ውድ ሆነብኝ።

ስልክ መቶ በመቶ ይሞላ፣ መብራት ጠዋት ካለ ጠዋት ሙሉት፣ ማታ ይኖራል ብላችሁ አትተዉት። ትኬቱም፣ ሾፌሩም፣ ገንዘቡም፣ ባትሪው ሲያልቅ አብረው ነው የሚጠፉት። የሾፌሩን ቁጥር ደግሞ በወረቀት ጽፋችሁ ኪስ ውስጥ ክተቱት። ጥቂት ጥሬ ገንዘብም ያዙ፣ ኔትወርክ ሰው ሲበዛ ይጨናነቃል፣ ያኔ ቴሌብሩ መዞር ብቻ ነው ሥራው።

መታወቂያ ያዙ። በር ላይ ፍተሻ አለ፣ ስለታም ነገር፣ ጠርሙስ፣ አንዳንድ ቦታ የቻርጀር ባትሪም ይከለከላል። ትልቅ ቦርሳ ይዞ መሄድ ሰልፉን ሁለት ጊዜ መሰለፍ ነው።

ልብስ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ የኛ ሰፈር ደግሞ ሜዳ ስለሆነ ንፋሱ ከልካይ የለውም። ውስጥ ላባችሁ ይወርዳል፣ ስትወጡ ይደርቅባችኋል። ወገብ ላይ የሚታሰር ጃኬት። ሴቶች፣ ተረከዝ ያለውን ጫማ ተዉት፣ አራት ሰዓት መቆም አለ፣ ከዚያ ኮብልስቶን አለ።

ብሉ። ሽሮም ቢሆን ጠግባችሁ ውጡ። ውስጥ ያለው በርገር ዋጋው የትኬቱን ያህል ነው፣ ጣዕሙን አልናገርም።

6. መሄጃው

ዓርብ ከሆነ ከሥራ ቀጥታ ሂዱ፣ ቤት ገብቶ መውጣት አይታሰብም። ቅዳሜ ከሆነ ከቤት ከ9 ሰዓት ተኩል አትለፉ፣ በተለይ ወደ ምሽት 1 ሰዓት ለሚጀምር ዝግጅት። ዝግጅቱ ሚሊኒየም አዳራሽ ወይም ቦሌ ከሆነ በጎሮ በኩል ያለውን መንገድ ሞክሩ። መሃል ከተማ ወይም ፒያሳ ከሆነ በቃሊቲ። ቃሊቲ ከደረሳችሁ ባቡሩ አለ፣ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ቀላል ባቡር የደቡብ ጫፉ ቃሊቲ ነው፣ እስከ ስታዲየም ያደርሳችኋል። መጨናነቁ ያው ነው፣ ግን ከመኪናው ሰልፍ ይሻላል። አያት ያላችሁም ከጫፍ ነው የምትሳፈሩት፣ መቀመጫ የማግኘት ዕድላችሁ ከሁላችንም ይበልጣል። ለመመለሻ ግን በባቡር አትመኩ። ኮንሰርት ባቡር አይጠብቅም፣ ባቡርም ኮንሰርት አይጠብቅም።

ቀድማችሁ ከደረሳችሁ አካባቢውን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ሾፌሩ የሚቆምበት ጥግ ብርሃን አለው ወይ? ማታ የሚዘጋ መንገድ ነው ወይ? ቀን ያየነው ማዞሪያ ማታ በገመድ ታጥሮ እኛ ወዲህ መኪናው ወዲያ ሆነን የተጠራራንበት ጊዜ አለ።

7. ውስጥ

የት ትቆማላችሁ? ብዙው ሰው ፊት ለፊት ወደ መድረኩ ይገፋል። እኔ ዞሬ የድምፅ ባለሙያው ያለበትን ቦታ እፈልጋለሁ፣ ሚክሰሩ ያለበትን። ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ ቆሞ በሚሰማው ልክ ስለሆነ ከእሱ ትንሽ ፊት ወይም ጎኑ ከቆማችሁ እሱ የሚሰማውን ትሰማላችሁ። ግድግዳና ጥግ አትጠጉ፣ ቤዙ እዚያ ይከማቻል፣ ዘፈኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ጉርምርምታ ይሆናል። ትልልቅ ባዶ አዳራሾች ያስተጋባሉ፣ እዚያ ወደ መሃል መጠጋት ይሻላል።

ጆሮ። ይሄን ሰው አይሰማኝም፣ ግን እላለሁ። ጆሮ ላይ ጉዳት አያደርስም የሚባለው 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ለስምንት ሰዓት ነው። ድምፁ በየ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ስለዚህ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቀራችሁ። የሮክ ኮንሰርት ደግሞ 100 በቀላሉ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ሙዚቃ ለሚቀርብባቸው ቦታዎች ባወጣው መመሪያ አማካይ ድምፁ ከ100 እንዳይበልጥ ይላል፣ እኛ ጋ ግን በር ላይ ማን ይለካል? ከፋርማሲ የጆሮ መድፈኛ ስፖንጅ ግዙ። በጣታችሁ አሸት አድርጋችሁ አቅጥኑትና፣ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ አስገቡት፣ እስኪያብጥ ያዙት። ዘፈኑን አይዘጋውም፣ ጩኸቱን ነው የሚቀንሰው። እንዲያውም የዘፋኙ ቃል የበለጠ ይጠራል። ከሌላችሁ ከስፒከሩ ራቁ፣ በየመሃሉም ወደ ውጭ ወጣ ብላችሁ ጆሯችሁን አሳርፉ።

ምን ልስማ ለምትሉ፣ አዲስ ከሆናችሁ፣ መጀመሪያ ጊታሩን ስሙት። የውጭ ሮክ ለምዳችሁ ከሆነ እዚህ የሚለየው ቅኝቱ ነው። ድምፁ የተቦጫጨቀ፣ የተጎረበጠ የኤሌክትሪክ ጊታር ነው፣ ግን የሚሄደው በትዝታ ወይም በአንቺ ሆዬ፣ በአምስት ኖታ ነው። እናታችሁ ክራር ላይ የሰማችው መንገድ ነው፣ ጫማው ነው የተቀየረው። ከዚያ ድራሙን ስሙት፣ ቀጥ ያለ አራት አራት እየመታ ድንገት ወደ ችክችካ ሲገባ ሕዝቡ ሳያውቀው ትከሻው ይነሳል። ጸጉሩን ሲያራግፍ የነበረው ልጅ እስክስታ ሲወርድ ታዩታላችሁ። እኔ 20 ኪሎ ሜትር የምሄደው ለዚያች ደቂቃ ነው።

መብራት ቢጠፋ አትውጡ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ትንሽ ይፈጃል፣ ባንዱ ልምድ አለው፣ ድራመሩ ብቻውን ይቀጥላል፣ ሰው ያጨበጭባል። ካየኋቸው ኮንሰርቶች አንዱ ምርጥ የሆነው መብራት ስለጠፋ ነው።

የራሱን ዘፈን ይዞ የመጣ ልጅ ሲዲ ወይም ቲሸርት ዘርግቶ ከተቀመጠ ግዙት፣ ወይም ቴሌብር ላይ የቡና አድርጉለት። የኢንዲ ልጆች ከትኬት የሚደርሳቸው ብዙ አይደለም፣ ከዚያ ላይ የልምምድ ቤት ኪራይ አለ።

8. መውጫው

ከሾፌሩ ጋር ከተቀጣጠራችሁበት ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ደውሉለት። ተኝቶ ሊሆን ይችላል፣ ሰው ነው። አራታችሁም መኪናው ጋ ስትደርሱ ተቆጠሩ። አንዱ ሁሌ ይጠፋል፣ ብዙ ጊዜ ከድሮ ፍቅረኛው ጋር ተገናኝቶ ነው። አስር ደቂቃ ጠብቁት፣ ከዚያ ደውሉለት፣ ካላነሳ ሾፌሩ ጋ ያለው ሂሳብ የሁላችሁ መሆኑን አስታውሱና ሂዱ። ይህን ቀን ላይ ተስማሙበት፣ ማታ ጭቅጭቅ ነው።

ያለ መኪና የቀራችሁ እንደሆነ አትበታተኑ። ብርሃን ያለበት ቦታ ሁኑ። ወደ ቤት አቅጣጫ የሚሄድ ማንኛውም ነገር፣ ቃሊቲ ድረስ እንኳ ቢሆን፣ ያቀርባል ብላችሁ ግን አትጣደፉ። መሃል ከተማ ላይ ቡና ቤት ቁጭ ብሎ መንጋት ቃሊቲ ላይ ቆሞ ከመንጋት ይሻላል። ሁለቱንም ስለሞከርኩ አውቀዋለሁ።

ሰፈር ስትደርሱ መኪናው እስከ ብሎኩ በር ያድርሳችሁ፣ አስፋልት ላይ አትውረዱ። ከአስፋልቱ እስከ ኮንዶሚኒየሙ ያለው ሜዳ ላይ ጅብ አለ። ጅቡ ከሰው ይሸሻል፣ በተለይ ብዙ ከሆናችሁና መብራት ከያዛችሁ። የሚያስቸግሩት ውሾቹ ናቸው። አትሩጡ፣ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ በሉ፣ ባታገኙም ጎንበስ ማለቱ ይበቃል።

ዘበኛችን ጋሽዬ ሌሊት ስመጣ በሩን እየከፈቱ «ዛሬም ዘፈን ነው?» ይሉኛል። ቀን ላይ ማታ እንደማመሽ ነግሬያቸው ከሄድኩ ሳያጉረመርሙ ይከፍታሉ፣ ካልነገርኳቸው ግን ሩብ ሰዓት ያንኳኳል ይሄ ልጅ ብለው ለኮሚቴው ይናገራሉ። ንገሯቸው። ለሻይም ትንሽ ነገር አትርሱ።

ደረጃው ላይ ድምፃችሁን ቀንሱ። ጆሯችሁ ገና ስለደነዘዘ በሹክሹክታ ያወራችሁ ይመስላችኋል እንጂ እየጮሃችሁ ነው። ጆሮ ላይ የሚቀረው ጭርርታ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ይጠፋል፣ ሁለት ቀን ከቆየ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ለሚቀጥለው ደግሞ ያን ስፖንጅ ግዙ አልኳችሁ። ከመተኛታችሁ በፊት ቧንቧውን ከፈት አድርጋችሁ እዩት። ፏ ካለ ጀሪካኖቹን ደርድሩ።